ሦስተኛው አግዳሚ

ኤልዉድ የበረዶውን ታሪክ ለሁለተኛ ጊዜ ጀመረ።

«እናንተዬ፣ ያን ቀን በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል» ይላል፣ የሽልማቱን ሰሌዳ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎ። ከአሥር ደቂቃ በፊትም እስከ መስኮቱ ደርሶ ነበር።

ሽልማቱ የባልም የሚስትም ነው። ሰሌዳው ላይ «ለመጋቢ ኤልዉድና ለወይዘሮ ሎይስ ፔንዴክስተር፣ ስለ አርባ አንድ ዓመት አገልግሎት» ተብሎ ተቀርጿል። የአብያተ ክርስቲያናቱ ማኅበር ሰብሳቢ ሚስተር ታቸር፣ ሊያከብረን ብሎ፣ እሱን ከመድረኩ ግራ፣ እኔን ከቀኝ ኦርጋኑ ሥር አስቀመጠን። እኔ ከዚህ ክብር ያተረፍኩት የባሌን ማጅራት ማየት ብቻ ነው።

ኤልዉድ ስብከት መጀመር እንጂ መጨረስ አይሆንለትም። ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ገና እንደመጣን በአንዱ እሁድ ግማሹን ሕዝብ አስተኝቶ ወጣና «ሎይስ፣ መብቃቱን በምን ልወቅ?» አለኝ። «ሚንት ከረሜላ ስጎርስ ካየህ አሜን በል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ቦርሳዬን ከፍቼ እጎርሳለሁ፣ እሱም ሐሳቡን ሰብስቦ አሜን ይላል። ከእኔና ከእሱ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም።

ካለፈው የብርድ ወራት ወዲህ ደግሞ ሌላ ምስጢር ተጨምሮብናል። ማለዳ የነገረኝን ቁርስ ላይ መልሶ ይነግረኛል። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሲነግረን ኤልዉድ ኮፍያውን አንሥቶ «መስከረም ላይ ጡረታ እስክወጣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ። ስንቱን ታማሚ ሲያጽናና የኖረ ሰው ነው፣ «ምስኪን» ተብሎ መታየትን አይችልም። እኔም አልችልም።

«እናንተዬ፣ ያን ቀን በረዶው...»

ሦስተኛ መሆኑ ነው። ከፊት የተቀመጡት ጫማ ጫማቸውን ያያሉ። ኤልዉድ ይናገርና ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ያያል፣ እንደገና ይናገርና እንደገና ያያል። ያ ቦታ ባዶ ነው። እየፈለገኝ መሆኑ ገባኝ።

ተነሣሁ።

«ወይዘሮ ሎይስ፣ ወዴት ነው? ፎቶ አለ እኮ!» አለኝ ሚስተር ታቸር በሹክሹክታ።

«ወደ ቦታዬ» አልኩት።

ደረጃውን ወርጄ በመካከሉ መተላለፊያ ሄድኩ። አዲሱ ጫማዬ ለሰው ሁሉ እያሳበቀብኝ ይንቋቋል። ከሦስተኛው አግዳሚ ኋላ የምትቀመጠው ዶርካስ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«ምነው ዘገየሽ? ያንቺን ከረሜላ ስንጠብቅ ምሳው ቀዘቀዘ።»

«አንቺ ደግሞ ከየት አወቅሽ?»

«ባሌን በክርኔ የምቀሰቅሰው ምን እያየሁ መሰለሽ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ!» ሳቋን ዋጠችና እጇን ትከሻዬ ላይ አኖረች። «ሌላውንም እናውቃለን፣ ሎይስ። ሁላችንም። አይዞሽ።»

ቦርሳዬን ከፍቼ ከረሜላውን ጎረስኩ።

ኤልዉድ አየኝ። ትከሻው ወረድ አለ፣ ፊቱ ፈካ። በረዶውን እዚያው መስኮቱ ላይ ተወውና «አሜን» አለ።

ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሲያጨበጭብ፣ ሚስተር ታቸር መድረኩ ላይ ወንበሩን ቢያሳየውም፣ እሱ ሰሌዳውን በብብቱ ሸጉጦ ወረደ። ሰዉን እየከፈለ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«እስቲ ጠጋ በይልኝ።»

ጠጋ አልኩለት። በአርባ አንድ ዓመት አገልግሎታችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም።

«የበረዶውን ታሪክ ነገርኳቸው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አሳምረህ ነገርካቸው።»

ጭብጨባው አላባራም። እሱ ግን መዳፉን ጉልበቴ ላይ ዘረጋ። «እንግዲያው ለእኔም አንድ ስጪኝ። ስትበዪ ሳይሽ ኖርኩ እንጂ አንድም ቀን አልቀመስኩትም።»

ወረቀቱን ላጥኩለትና እጁ ላይ አኖርኩለት። ጎረሰው፣ ጉንጩ አበጥ አለ፣ ዓይኑን ከደነ።