የሞተ ብረት

እጄ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ከጠዋት ጀምሮ የሞተር ሳይክሌን የጎን ሽፋን እፈትጋለሁ፤ መጀመሪያ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ አሁን ደግሞ በማሳመሪያ ቅባትና በጨርቅ። ታላቅ ወንድሜ የአሮጌ ብረት ገዢውን ይዞ የሚመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ካላበራሁት በኪሎ ተመዝኖ ይሄዳል። እንዳይሄድብኝ ነው የምፈትገው።

ሞተሩ የራሴ ነው። አምስት ዓመት ዕቃ አድርሼበታለሁ፤ ማንም ቀድሞኝ አያውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሚኒባስ ከጎን ገጨኝና ቀኝ እግሬ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስመለስ ቤተሰቡ ሁለተኛ እንዳልነዳ ያለ እኔ መክሮ ጨርሶ ጠበቀኝ። ሞተሩ ጓሮ፣ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ተወሽቋል። ጭረት ያልነካው ሄልሜቴ ደግሞ የእናቴ ማድ ቤት ገብቶ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል። አየር ያገኛል ትላለች። በዚህ ጉዳይ ክርክር አትወድም።

እናቴ በዓለም ላይ በበረኪና የማይነጣ ነገር አለ ብላ አታምንም። ባለፈው ሳምንት፣ ገዢው ፊት እንዳያሳፍረን ብላ፣ እኔ በሌለሁበት ሞተሩን በበረኪና አጠበችው። አሉሚኒየም ደግሞ ከበረኪና ጋር አይስማማም። ሽፋኑም ቸርኬውም ጠቁሮ የድስት ቂጥ መሰለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ስመጣ ባልዲውን እንዳንጠለጠለች ቆማ አገኘኋት። እኔም ብስቅ ይሻል ነበር፣ አለቀስኩ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ከስሎ ባላየው ኖሮ እሱ ከበርሜሉ ጀርባ፣ እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጠን እንቀር ነበር። በማግስቱ ቤንዚን ገዛሁ፣ ካንዴላውን ቀየርኩ፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አሁን በርጩማ አምጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከአሮጌ አንሶላዋ የቀደድኳቸውን ጨርቆች እያነሳች ታያቸዋለች። ሁሉም ጥላሸት ናቸው።

«ተይው ልጄ፣ የዚህ እድፍ ማለቂያ የለውም።»

«እድፍ አይደለም እማዬ። አሉሚኒየሙ ራሱ ነው። ሲያበራም ጨርቁን ያጠቁረዋል።»

አታምነኝም። ጣቷን ቅባቱ ውስጥ ነክራ አንድ ቦታ ላይ ታሻለች፣ በቀሚሷ ጫፍም ትወለውለዋለች። ከስሩ አዝራር የምታህል ብርሃን ትወጣለች። ጎንበስ ብላ ታየዋለች፤ ከዚያ እኔን ታየኛለች፣ ፊቷም ይለወጣል።

«ካማረ ልትነጂው ነው።»

«አዎ።»

«እግርሽስ?»

 ጨርቄን አንስቼ እቀጥላለሁ።

በሩ ሲንኳኳ የቀረኝ የኋላው ቸርኬ ብቻ ነው። ወንድሜ ገዢውን አስከትሎ ይገባል። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሆስፒታል አስራ አንድ ሌሊት ከአልጋዬ ስር ካርቶን ላይ የተኛ እሱ ነው። ለዚህ ነው እሱን እምቢ ማለት የሚከብደኝ። ገዢው ጆንያውን አስቀምጦ ይንበረከካል፤ ሽፋኑን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ጺሙን ያይበታል፤ በእጁም ያስተካክለዋል።

«እኔ የምገዛው የሞተ ብረት ነው» ይለዋል ወንድሜን።

«ሞቷል እንጂ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተነስቶ አያውቅም።»

እነሳለሁ። ሞተሩ ላይ እወጣና ቀኝ እግሬን፣ ብሎን ያለበትን እግሬን፣ ማስነሻው ላይ አደርጋለሁ። መርገጥ እንደሚችል አላውቅም። ፈርቼ ሞክሬው አላውቅም። እረግጣለሁ። ምንም የለም፤ ሕመሙ ብቻ እስከ ዳሌዬ ይወጣል። ደግሜ እረግጣለሁ። ሞተሩ ሳል ብጤ አሰምቶ ዝም ይላል። ወንድሜ ክንዴን ይይዘኛል።

«ጋሼ» እለዋለሁ፣ «እጅህን ሰብስብ።»

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ብዬው አላውቅም። እጁን ይሰበስባል። ያለኝን ሁሉ እግሬ ላይ አድርጌ እረግጣለሁ፤ ሞተሩ ይነሳል። ግቢው በጭስ ይሞላል። ገዢው ጆንያውን እያጠፈ ይስቃል፤ ወንድሜ አይስቅም፣ ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል።

እናቴን እፈልጋለሁ። በርጩማው ባዶ ነው።

ከማድ ቤቱ በር አንድ ሽንኩርት ተንከባሎ ይወጣል። ሌላ ይከተለዋል፤ ከዚያ ሄልሜቴ ውስጥ የነበሩት በሙሉ ተግተልትለው ወደ ግቢው ይወርዳሉ።