አምስተኛው መንገድ

ሰዲቃ ኢምባካሲ ሰፈር ካለው የሰርቨር ክፍል የሚወጣውን የሆስፒታል መረጃ የምትቆጣጠር ባለሙያ ናት። መረጃው እንዳይጨናነቅ በአራት ገመዶች እኩል ተከፋፍሎ ይወጣል፤ በየገመዱ ሃያ አምስት ፐርሰንት። ዛሬ ረፋዱ ላይ ግን ስክሪኑ አምስት መንገድ አሳየ፤ እያንዳንዱ ሃያ ፐርሰንት ተሸክሟል።

«ስክሪን ሲያብድብሽ በእጅሽ ቁጠሪ» ብሎ ያስተማራት ሥራውን ያስለመዳት ጋሽ ኑሬ ነበር። ገመዶቹን እየዳሰሰች ቆጠረች። አራት። ደግማ ቆጠረች። አራት።

መሃል ከተማ ቢሮ ተቀምጦ የመረጃውን ፍሰት በራሱ ስክሪን ለሚከታተለው አለቃዋ ለጃፈር ደወለች።

«የበሽተኞቹ ፋይል በማናውቀው መንገድ እየወጣ ነው።»

«ሌባ ገብቶ ይሆናል። ለሆስፒታሉ እኔ እነግራለሁ፤ አንቺ አራቱንም ንቀያቸው።»

ስልኩን ሳትዘጋ፣ ቢስሚላሂ ብላ ጀመረች። አንዱን ስትነቅል የቀሩት ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሆኑ። ሁለተኛውን ስትነቅል ሠላሳ ሦስት፣ ሦስተኛውን ስትነቅል ሃምሳ። አራተኛውንም ነቀለችው።

አራቱንም ጫፎች በአንድ እጇ ጨብጣ ቀና አለች። ስክሪኑ ላይ አንድ መንገድ ቀርቷል፤ መቶ ፐርሰንት።

«ጃፈር፣ ያንተ ስክሪን ላይ መረጃው መውጣቱን አቆመ?»

«ኧረ የምን መቆም!» አላት። «እንደ አሁን ፈጥኖ አያውቅም።»