«ደህና ነኝ» በሉ!

«ማን ነው ያሳለው?»

ርዕሰ መምህርቷ ሰልፉን ሰንጥቃ መጣች… ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ ቋ… ቋ… እያለ።

ያሳለችው ልጅ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

«አንቺ፣ ወደ ጓሮ። እንግዶቹ ሲሄዱ ትመለሻለሽ።»

በዚያን ቀን የሕፃናት ሐኪም ከእንግዶች ጋር ልትመጣ ነበር። ሆስፒታል ሄደው ተራ መጠበቅ የማይችሉ ድሆች ልጆቻቸው እዚያው ትምህርት ቤታቸው እንዲታዩላቸው…

የታመሙ ልጆች ከተገኙ ደግሞ አንዲት ነርስ መድኃኒቷን ይዛ እዚያው ልትመደብ። ይህ ሁሉ ለርዕሰ መምህርቷ አስቀድሞ ተነግሯታል።

እሷ ግን የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው… ካሜራ እንደሚመጣ።

ስለዚህ ከየክፍሉ ጉንጫቸው ሞላ ያለውን፣ ኮሌታቸው የነጣውን መርጣ አሰለፈች። የሚያስለው፣ ራሱን የሚያከው፣ ዓይኑ የቀላው ሁሉ ጓሮ ተከተተ… እንደ ተሰበረ ወንበር።

ጓሮ ከተከተቱት አንዷ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ነበረች። ጆሮዋ መግል ያወጣል።

እናትየው መጥረጊያዋን እንደያዘች ለመነች። ሆስፒታል ስትወስዳት ቀኑ እንደሚያልፍባት፣ ከሥራ ከቀረች ደግሞ እንደምትባረር አስረዳች። ዛሬ እንኳ ትታይልኝ አለች።

«እንግዳ የሚመጣው ትምህርት ቤት ሊያይ ነው እንጂ መግል ሊያይ አይደለም» አለቻት ርዕሰ መምህርቷ።

ቀጥሎ ልምምድ ሆነ።

ራሳችሁን ያማችኋል? «ደህና ነኝ!»

ሆዳችሁንስ? «ደህና ነኝ!»

ሐኪም መሸወድን እንደ ማባዛት ሰንጠረዥ አስጠናቻቸው… የተማረች ሴት!

ከሁሉም የበለጠችው የገዛ የልጅ ልጇ ነበረች። አያትየው በእሷ መኩራራት ሥራዋ ነው። የኔ ልጅ ወሬ አታበዛም፣ ስታናግሪያት ዓይኗን ከአፍሽ አትነቅልም፣ ጨዋነት እንዲህ ነው ትላለች።

ከኋላ ሲጠሯት ዞር ባትልስ?

«ኩራቷ ነው» ትላለች። «እኔን ነው የወጣችው።»

ሐኪሟ መጣች። አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ደህና ናቸው። የተመረጠ ልጅ ምን ይሆናል?

በመጨረሻ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። እንዲህ ያለ ጤነኛ ትምህርት ቤት አይታ እንደማታውቅ፣ ነርሷም እዚህ ሥራ ስለሌላት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንደምትመደብ ተናገረች።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ርዕሰ መምህርቷም አጨበጨበች… ይታያችሁ፣ አብራ አጨበጨበች!

በሩ ላይ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ጨብጣ ደረቀች። ብትናገር እንጀራዋ… ዝም ብትል የልጇ ጆሮ።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ርዕሰ መምህርቷ ለመጨረሻ ፎቶ ያስቀረቻትን የልጅ ልጇን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። እሷንም ይዩልኝ አለች።

ሐኪሟ ቦርሳዋ ላይ እንዳጎነበሰች ጠየቀች።

«ስምሽ ማን ነው?»

ዝም።

አያትየው ከኋላ በጣቷ ጎሸም አደረገቻት።

«ደህና ነኝ!»

እንግዶቹ ሳቁ።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

ጎሸም።

«ደህና ነኝ!»

አሁንም ሳቁ። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም።

ቀስ ብላ ከልጅቷ ኋላ ዞረች። የብረት ትሪዋን አነሳችና… ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው።

ሁሉም ዘለለ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ እንኳ ካሜራውን ሊጥል ነበር።

ልጅቷ ብቻ ፎቶ እየጠበቀች ፈገግ እንዳለች ነበር…

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማው?»

«ኧረ ትሰማለች… ጨዋ ስለሆነች ነው…» አለች አያት።

ሐኪሟ የልጅቷን ጆሮዎች በመብራት አየች። ሕፃን ሳለች መግል አውጥተው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ፣ ግን ደርቆላታል ተባለች። የደረቀው መግሉ እንጂ በሽታው እንዳልሆነ፣ አሁንም ሊታከም እንደሚችል፣ ግን ሳይቋረጥ የሚከታተላት ነርስ እንደሚያስፈልግ ነገረቻት።

«እንግዲያው ነርሷ እዚሁ ትቆይልና!» አለች አያት።

«ለአንድ ልጅ ነርስ አይመደብም» አለች ሐኪሟ። «ሌላ የታመመ ልጅ የለም ብለውኛል።»

ካሜራው አልጠፋም…

እዚህ ላይ ተጸጸተች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልተጸጸተችም፤ ቸገራት። ሁለቱ ይለያያሉ።

በዚያ ቋ ቋ በሚል ጫማ ወደ ጓሮ ሮጠች። ልጆቹ ግድግዳ ሥር ተኮልኩለው ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋም ተከትላ ደርሳ ልጇን አቅፋለች።

«በሉ ተነሱ፣ ሐኪሟ ትጠብቃችኋለች!»

ልጆቹ ተነሱ። እናትየው ግን ባለችበት ሆና ቀና ብላ አየቻት።

«እትዬ… የታመመችው የእርስዎ ልጅ ባትሆን ኖሮ ይጠሩን ነበር?»

ርዕሰ መምህርቷ ፊቷን አዙራ ልጆቹን ወደ ሐኪሟ ነዳቻቸው።

ልጆቹ እያሳሉ፣ እያከኩ፣ ዓይናቸውን እያሹ በካሜራው ፊት አለፉ። ነርሷም እዚያው ቀረች።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ የልጅ ሕመም የማንም ገበና አይደለም። ለስማችሁ ብላችሁ የምትደብቁት ሕመም የሌላውን ሰው ልጅ ብቻ መርጦ አይዝም፤ የናንተም ቤት አለ።

«ልብ ይነካል» ብላችሁ ጽፋችሁ ለማለፍ ከሆነ ባትጽፉ ይሻላል። ይልቅ ያቺ እናት የጠየቀችውን እናንተ መልሱላት…

የልጅ ልጇ ብትሰማ ኖሮ፣ እነዚያን ልጆች ከጓሮ የሚጠራቸው ማን ነበር?