የኋላ ጎማ ማስቀየሪያ

ጣቷን የወጋት ነገር እሾህ መስሏት ነበር። ቨርና ከሞተር ብስክሌቱ ሥር የገባባትን ጓንት ልታወጣ ተንበርክካ፣ እጇን በሻንጣውና በፓራፋንጎው መሃል አሾልካ ስትዳብስ ነው ያገኛት። እጇን መልሳ ሰደደችና ቀስ ብላ ዳበሰችው። እሾህ አይደለም። የኋላው ጎማ መሃል ለመሃል ተላልጦ ሽቦው ወጥቷል።

ዳርና ዳሩ ግን ገና አዲስ ነው። ባለ ሦስት እግር ሞተር እንደ ባለ ሁለቱ መታጠፊያ ላይ ጋደም ስለማይል ያንኑ መሃሉን ብቻ ሲበላ ይኖራል። በጎን ጎንበስ ብሎ ያየው ሰው «ገና ብዙ ይሄዳል» ብሎ ይነሳል። ባሏ ዴልበርትም ከቤት ከወጡ ጀምሮ የሚላት ይህንኑ ነው።

ዴልበርት የወረቀት ኩባያውን ይዞ ካደሩበት ሞቴል በር ብቅ አለ። ዳሌው ውስጥ ብረት ከገባ ወዲህ ባለ ሁለት እግር ሞተር ስለተከለከለ ነው ይሄኛውን የገዛው፤ ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ሲራመድ አሁንም ያዝ ያደርገዋል።

«ዴል፣ ሽቦው ወጥቷል» አለችው፣ የደማውን ጣቷን እያሳየች።

«የቱ ሽቦ?»

«አትቀልድብኝ!»

ኩባያውን ግንቡ ላይ አስቀመጠና ሽቅብ አየ። የኦዛርክ ተራሮች ጫፋቸው ደመና ውስጥ ገብቷል። በየሞተራቸው አብረዋቸው የመጡት ጡረተኞች ዝናቡን ለመቅደም ቁርሳቸውን እንኳ ሳይበሉ ሄደዋል።

«ኦርቫል ጋ እስክንደርስ ይችላል» አለ፤ ኦርቫል ከተራራው ማዶ የሚኖር የድሮ ጓደኛው ነው። «ተራራውን መሻገር ብቻ እኮ ነው። ጋራዡ ውስጥ ማንሻ አለው፤ አንድ ቢራ ብጋብዘው ይቀይርልኛል።»

«ሞተሩን የሸጠልህ ወኪል ጋ ደወልኩ ብለኸኝ አልነበር?»

«ደወልኩ እንጂ! ጎማው ሁለት መቶ ዶላር፣ ማስገቢያው ሦስት መቶ! ለምን ስለው፣ ሻንጣው ይፈታል፣ ጭስ ማውጫው ይፈታል፣ ቺንጊያው ይስተካከላል ይለኛል። ለአንዲት ጎማ! ስልኩን ያነሳው ልጅ ሲያወራ እኔን ቀዶ ሊያክመኝ ነው የሚመስለው።»

«እና እኔን ሽቦ ላይ አስቀምጠህ አመጣኸኝ።»

«ሽቦው አሁን ነው የወጣው።»

ውሸቱን ነው። ከቤት ከወጡ ጀምሮ በቆሙበት ሁሉ፣ እሷ ከወረደች በኋላ፣ ሞተሩን በእግሩ ገፋ፣ ደግሞ መለስ እያደረገ ነበር የሚያቆመው። የሽማግሌ ጣጣ ብላ ስቃበታለች። ለካስ እንዳታይበት የጎማውን የባሰ ቦታ አስፋልቱ ላይ እያስተኛ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ግን የቆሻሻ መኪና መጥቶ ተነሳ ሲሉት ቦታ ቀይሮ በጥድፊያ አቆመው። ቨርና መጀመሪያ ሆዷ ባባ፤ ንዴቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ቁልፉን ስጠኝ። አንሄድም።»

«ዛሬ ሰኞ ነው፤ ወኪሉ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ቢከፍትም ወረፋው ሁለት ሳምንት ነው። ተራ ጎሚስታ ደግሞ ባለ ሦስት እግር ሲያይ አይነካም። እዚህ ሁለት ሳምንት የሞቴሉን የቁርስ ዋፍል ስንበላ እንቀመጥ?»

«እንቀመጥ! በሩ እስኪጠበኝ እበላዋለሁ። ወይ ኦርቫል ፒክአፑን ይዞ ይምጣና ይጫንልን።»

«ከነሞተሬ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ጭኖኝ ይግባ? ዕድሜ ልኩን ሊስቅብኝ?»

«ይሳቅ!»

ዴልበርት አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሄልሜቱን አጠለቀና ረጋ ብሎ፣ «እሺ እሜቴ፣ አንቺ እዚሁ ጠብቂ። ኦርቫል በመኪናው መጥቶ ይወስድሻል» አላት።

አስነስቶ ወጣ። ካፊያው አስፋልቱን ማርጠብ ጀምሯል። ወደ አውራ ጎዳናው ሊታጠፍ ነዳጅ ሲሰጠው የኋላው ጎማ መሬቱን ሳተና ሞተሩ በጎን ተወናጨፈ። ዴልበርት እንደምንም ፍሬን ይዞ አቆመው። መንገዱ ጠርዝ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ወደ እሷ ግን አልዞረም።

ቨርና የጎደለው ምን እንደሆነ ገባት። የእሷ ክብደት ነው። እስከዛሬ ያልተንሸራተተው እሷ ከኋላ ተጭናው ስለነበር ነው። በዚህ ዝናብ ብቻውን ተራራ ከወጣ የመጀመሪያውን መታጠፊያ አያልፈውም። አብራው ከሄደች ምናልባት ያልፈው ይሆናል፤ ካላለፈው ደግሞ ሁለቱም አብረው ነው የሚቀሩት።

«ዴልበርት! ውረድ! ስሞትልህ ውረድ!»

ራሱን ነቀነቀ። ግንድ የጫነ ትልቅ መኪና ውሃ እየረጨ በፊቱ አለፈ። ዴልበርት እሱን አሳልፎ ማርሽ አስገባ።

ጠላችው። በዚያች ደቂቃ ከልቧ ጠላችው። እየጠላችው ሮጠች፤ ሄልሜቷን እያጠለቀች ትከሻውን ይዛ ወጣችና ከኋላው ተቀመጠች። ሞተሩ ከክብደቷ ጋር ዝቅ አለ።

«ቀስ በል» አለችው። «በኔ ሞት፣ ቀስ በል።»

«እሺ።»

መንገዱ ወደ ደመናው ሽቅብ ሲወስዳቸው ሁለት እጆቿን ደረቱ ላይ አቆላለፈች። ከወፍራሙ ጃኬት ሥር ልቡ ሲሮጥ እንደዋለ ሰው ልብ ይደልቃል።