ለእድሩ መኪና

እድራችን የአስከሬን መኪና ሊገዛ ነበርና እሁድ ጠዋት ተሰብስበን ስንጨቃጨቅ አረፈድን። ሰብሳቢው ጋሽ ታምራት፣ በናፍጣ የሚሄደው በዋጋ ይረክሳል ብለው ድርቅ አሉ።

"በእግሩ የሚከተለው ለቀስተኛ በጭስ ታፍኖ ሌላ ሬሳ ሊጨምርብን ነው?" አሉ እትዬ አሰገደች። እሳቸው በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደውን ሃይብሪዱን ነው የፈለጉት።

ከመካከላችን ሃይብሪድ ነድቶ የሚያውቀው በቅርቡ ወደ ሰፈራችን የመጣው ሰውዬ ብቻ ስለነበር እሱን ጠየቅነው።

"ነዳጅ አይበላም፤ ጭስም የለው። ቀስ ብሎ ሲሄድ ድምፁ እንኳ አይሰማም" አለ።

"ታዲያ ለቀብር ከዚህ የተሻለ ምን አለ!" አሉ እትዬ አሰገደች።

"ናፍጣውን ግዙ" አለ ሰውዬው።

"ምነው ልጄ?"

መሬት መሬት እያየ መለሰ።

"መኪናውን በኋላ ማርሽ ከግቢ ሳወጣው፣ ከኋላው ቁጭ ብላ ትጫወት የነበረችው ልጄ አልሰማችም።"