የፊተኛው ቦታ

«እኔ ከፊት እቆማለሁ!» ይላል ይርጋ፤ ገመዱን ከውብአለም እጅ ሊነጥቅ ይታገላል።

«አትቆምም።»

የደረቀው የጽድ ዛፍ ወደ ውብአለም ጎጆ አዘንብሏል። ክረምቱ ሳይገባ ካልተጣለ ከነልጆቿ ይጫናታል። የጋፋት ጎረቤቶች በደቦ መጥተዋል፤ ግንዱ ከሥሩ በመጥረቢያ ተቆርጦ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ገመዱም ከላይ ታስሯል።

ባሏ ፈንታሁን፣ የይርጋ ታላቅ ወንድም፣ ዛፍ ሲጣል የገመዱን ፊት ለማንም አይለቅም ነበር። በዚህ አገር ወንድ የሚባለው ለዛፉ የቀረበው ነው። አምና ገሳይ በምትባል ቦታ፣ የሰው ባሕር ዛፍ ሲጎትቱ፣ ከኋላ ያሉት ሮጡ። እሱ ለመሮጥ ቦታ አልነበረውም።

ውብአለም የቤተ ክርስቲያኑን የውኃ መቅጃ መዘውር ቄሱን ለምና አምጥታለች። ከቁልቁለቱ ወይራ ሥር ጠፍራ አስራዋለች። ገመዱ በመዘውሩ ዞሮ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ጎታቹ ዛፉ ከማይደርስበት፣ ከገብሱ ማሳ ዳር ይቆማል።

«እቴ፣ ዛፍ ልንጥል ነው ወይስ ውኃ ልንቀዳ?» ይላል ሙላቴ። ሰው ይስቃል።

«ሳቅ፣ ሙላቴ። ሚስትህ እንዳታለቅስ ብዬ ነው።»

ሳቁ ይቆማል። ይርጋ ግን አልበረደለትም። «የወንድሜን ቦታ ባዶ ትቼ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?» ይልና ዱላውን ከዛፉ ፊት ለፊት፣ እሱ ሊቆምበት ካሰበው ላይ ይተክለዋል። «በሉ፣ እኔን ከከለከላችሁ እሱ ይቁምልኝ!»

ተቆጥቶ ወደ ጎን ሄዶ ገመዱን ይጨብጣል።

«ሆ!»

«ሆ በል!»

መዘውሩ ሲጥ ሲጥ ይላል። ጽዱ ከጎጆው ቀና ይላል፤ ቀጥ ብሎ ትንሽ እንደማሰብ ይላል። ከዚያ ከሥሩ ቋ! ሰው ትንፋሹን ሳይመልስ ዛፉ ይመጣል። ምድሩ ከእግራቸው በታች ይርዳል።

አቧራው ሲገለጥ ጎጆዋ እንደ ቆመች ናት። አንዱ «ተመስገን!» ይላል። ሙላቴ እየሳቀ ዱላውን ሊያነሣ ይሄዳል፤ ቅርንጫፉን ይገልጣል፣ ሌላውንም ይገልጣል። ሳቁን ይተዋል። የዱላውን ስንጥር ብቻ ይዞ ቀና ይላል።

ገመዱ ረግቧል። ሌሎቹ ለቀውታል። ይርጋ ብቻ እንደ ጨበጠው ቀርቷል፤ ዓይኑ ከስንጥሯ አይነቀልም።

ውብአለም ትጠጋዋለች። ጣቶቹን ከገመዱ ላይ አንድ በአንድ ታላቅቅለታለች።