የጋቢናው ቀበቶ

አዛውንቱ መካኒክ በተቃጠለችው የገዛ መኪናቸው ውስጥ ተንበርክከው የጋቢናውን ቀበቶ ስንዝር በስንዝር በጣቶቻቸው መካከል አሳለፉ። እሳቱ ሞተሩን በልቶ ስለ ጠፋ ቀበቶው ለዓይን ደህና ነበረ፤ ጠርዙ ግን ከሙቀቱ የተነሣ እንደ ደረቀ ቆዳ ሻክሯል። ሟች ባለቤታቸው አንገቷን እንዳይፈትጋት፣ እርሳቸው እየተቆጧትም ቢሆን፣ የሰካችው መርፌ ቁልፍ ከቦታው አልተነቃነቀም። እሳት የጎበኘውን ቀበቶ ማንም ዳግም እንዳይታሰርበት በእጃቸው መቁረጥ የቆየ ሥርዓታቸው ነበርና መቀሱን አነሡ።

«ኧረ ይተዉት፣ አባባ!» አለች ሴት ልጃቸው፣ ከጋራዡ በር ላይ ቆማ የራሷን መኪና ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች። «የደንበኛው ቀበቶ አንሶ በራስዎም መኪና ላይ ዳኛ ሆኑ?»

«እሳት የደረሰበትን ነገር በመልኩ አያምኑትም፣ ልጄ።»

«ሞተሩ ከተሠራ ምን ቀረው? እዚያ ወንበር ላይ እንደሆነ ማን ሊቀመጥበት ነው?»

መቀሱ አፉን እንደ ከፈተ ቀረ።

«አንቺ አልፎ አልፎ ትቀመጪበታለሽ ብዬ ነበር» አሉ።

ቁልፉ በጣቷ ላይ መሽከርከሩን አቆመ። እርሳቸውም መርፌ ቁልፉን ነቅለው በደረት ኪሳቸው ካኖሩ በኋላ ቀበቶውን ከሁለት ቆረጡት።

«አዲስ ይገባለታል» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።